ቻርዶኔ ሲቆይ ይጣፍጣል? ነጭ ወይን ጠጅ ዕድሜ የሚያገኘው በምንድን ነው?

በበርካታ ኢትዮጵያውያን ቤት፣ በሳሎን ቡፌ ውስጥ፣ ለሠርግ ወይም ለልደት በስጦታ የመጣ የወይን ጠጅ ጠርሙስ አይጠፋም። ለክብር እንግዳ ወይም ለልዩ ቀን ተብሎ ለዓመታት ሳይከፈት ይቆያል። ከዚህ ልማድ ጀርባ "ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል" የሚል እምነት አለ።

እምነቱ እውነት የሚሆነው ለጥቂት ወይን ጠጆች ብቻ ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን ጠጅ አብዛኛው የሚዘጋጀው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ከነጮቹ መካከል ዕድሜ ከሚያከብራቸው ጥቂቶች አንዱ ቻርዶኔ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁሌም አይደለም።

ከቡርጎኝ እስከ ባቱ

ቻርዶኔ መነሻው ቡርጎኝ የተሰኘችው የፈረንሳይ ግዛት የሆነ የነጭ ወይን ዝርያ ነው። በአውሮፓውያኑ 1999 ይፋ የሆነ የዘረ መል ጥናት፣ ዝርያው የተገኘው ዝነኛው ፒኖ ተራ ተብሎ ይናቅ ከነበረው ግዌ ብላን ጋር በመዳቀሉ መሆኑን አሳይቷል።

በኢትዮጵያ የዚህን ዝርያ ወይን ጠጅ ለገበያ ያቀረበው ካስቴል ነው። በ1949 በቦርዶ በአንድ ቤተሰብ ወንድማማቾችና እህትማማቾች የተመሠረተው ይህ ኩባንያ፣ በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ቆይቶም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ የወይን እርሻ አለማ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ገበያ ላይ ሲውሉ፣ "ሪፍት ቫሊ" በሚል ስያሜ ከሚሸጡት መካከል አንዱ ቻርዶኔ ነበር።

ባቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ከፍታ ለወይን ትርጉም አለው። በሞቃት ስፍራ የፍሬው ስኳር በፍጥነት ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ ቀዝቃዛ ሌሊት ግን ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል።

ዕድሜ የሚሰጠው ምንድን ነው?

ለነጭ ወይን ጠጅ ዕድሜ የመጀመሪያው ዋስትና ይኸው ኮምጣጣነት ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚያገኘው፣ አፍን የሚያደርቅ ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠብቀዋል። ነጩ ግን ልጣጩ ቀድሞ ስለሚለይ ይህ ጥበቃ እምብዛም የለውም።

ቀሪው የጠማቂው ውሳኔ ነው። ወይን ጠጁ በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ሲቆይ የቫኒላና የተጠበሰ ዳቦ ጠረን ይይዛል። ከእርሾው አተላ ጋር ሲቆይ ደግሞ ይወፍራል፤ አተላው አየርን ስለሚስብም ወይን ጠጁን ይከላከልለታል። አንዳንድ ጠማቂዎች የአፕል ዓይነቱ ስል አሲድ በባክቴሪያ አማካኝነት ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ እንዲለወጥ ይፈቅዳሉ። በብዙ ቻርዶኔ ላይ የሚሰማው የቅቤ ጣዕም ምንጩ ይህ ነው።

የካሊፎርኒያው ሻቶ ሞንቴሌና ይህን ለውጥ በማስቀረት ይታወቃል። በባሬት ቤተሰብ የሚመራው ይህ ጠማቂ የ1973 ቻርዶኔው በ1976 ፓሪስ ውስጥ፣ የወይን ጠጆቹ ማንነት ተሸፍኖ በተካሄደ ቅምሻ፣ የቡርጎኝ ስመ ጥር ነጮችን በልጦ አንደኛ ወጥቷል። ዳኞቹ ፈረንሳውያን ነበሩ።

ጣዕሙ እንዴት ይለወጣል?

ወጣት ቻርዶኔ መልኩ የገረጣ ገለባ ይመስላል። ከቀዝቃዛ አካባቢ ከመጣ ሎሚና አረንጓዴ አፕል፣ ከሞቃት ስፍራ ከሆነ ማንጎና አናናስ ይሸታል።

በአግባቡ ሲያረጅ መልኩ ወደ ወርቃማነት ይሄዳል። የፍሬው ጠረን እየደበዘዘ በምትኩ የተቆላ ለውዝ፣ ማርና የደረቀ ፍራፍሬ ይመጣሉ። የማሩ ጠረን ጠጅን ሊያስታውስ ይችላል፤ ምላስ ላይ ግን ጣፋጭነት የለውም።

አየር ያበላሸው ደግሞ ይቡናል፤ ተቆርጦ የከረመ አፕል ይሸታል፤ ሕይወት አልባም ይሆናል። ይህ እጣ ታላላቆቹንም አይምርም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸው የነበሩ በርካታ የቡርጎኝ ነጮች ያለጊዜያቸው ተበላሽተው መገኘታቸው ሰብሳቢዎችን አስደንግጧል።

የቡፌው ጠርሙስስ?

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ወይን ጠጅ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜና ጨለማ ይሻል። የተፈጥሮ ቡሽ ያለው ጠርሙስ ቡሹ ደርቆ አየር እንዳያስገባ ይጋደማል፤ በሚጠመዘዝ ክዳን የታሸገው ግን ቢቆምም ችግር የለውም።

የሳሎን ቡፌ ብዙውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቀን ይሞቃል፣ ብርሃን ያገኘዋል፣ ጠርሙሱም ቆሞ ይከርማል። በርሜል ያላየ፣ ለዕለት ደስታ የተሠራ ቻርዶኔ በእንዲህ ያለ ስፍራ ዓመታት ቢቆይ የሚያተርፈው ነገር የለም። እንዲህ ዓይነቱን ጠርሙስ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ጥቂት አቀዝቅዞ መክፈት ይመረጣል።

ልዩ ቀን እየተጠበቀለት የከረመ ጠርሙስ፣ ቀኑ ሲደርስ ባዶ ጣዕም ይዞ ሊገኝ ይችላል። ለክብር እንግዳ የተቀመጠ ከሆነ፣ እንግዳውን ቶሎ መጥራት ይበጃል።