«ተጽፏል» ሲባል

ዳታቤዝ ሰርቨር ሊተከል በታሰበ ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርም፤ በሊኑክስ ይሁን ወይስ በዊንዶውስ? አንዱ ሊኑክስ ፈጣንና የማይደፈር ነው ይላል፣ ሌላው የለመድነው ዊንዶውስ ምን አጠፋ ብሎ ይመልሳል፣ ነገሩም እንደ ኳስ ቡድን ድጋፍ ከማስረጃ ይልቅ በፍቅር ይቋጫል። እኔ ጥያቄው ራሱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። ዳታቤዝ ዲስኩንም፣ ሚሞሪውንም፣ ኔትወርኩንም በገዛ እጁ አይነካም፤ ሁሉንም የሚያገኘው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ጠይቆ ነው። ስለዚህ መመርመር ያለበት የሲስተሙ ስም ሳይሆን የሚሰጠው መልስ ነው፤ መልሱ ምን ያህል እውነት ነው? ዳታቤዙስ በትክክል ተረድቶታል?

ነገሩን ለማየት አንድ የባንክ ዝውውር ይበቃል። ከአንዱ ሂሳብ 500 ብር ተቀንሶ በሌላው ላይ ሲደመር፣ ዳታቤዙ «ተፈጽሟል» ከማለቱ በፊት ለውጡን በመዝገብ ፋይሉ ጫፍ ላይ ይጽፋል። ሆኖም «ጻፍ» የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም፤ ሚሞሪ ላይ ያቆየውና ሲመቸው ያወርደዋል። በዚህ መሃል መብራት ከጠፋ ዝውውሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ዳታቤዙ ኤፍሲንክ የሚባል ትእዛዝ ይልካል፤ «አሁኑኑ ዲስክ ላይ አውርድ፣ ሳታወርድ መልስ አትስጠኝ» እንደማለት ነው። ብዙ በሚጻፍበት ዳታቤዝ ውስጥ ጊዜ የሚበላው ይህ ጥበቃ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ የሚዞረው 120 ዙር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ተጠቃሚ ተራ በተራ የሚልከው ዝውውር በሴኮንድ ከ120 ብዙም ሊያልፍ አይችልም። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ በሴኮንድ 3,000 ተፈጸመ የሚል ልኬት ካያችሁ፣ ባትሪ ያለው መቆጣጠሪያ ካርድ ካልተገጠመ በቀር አንዱ እየዋሸ ነው። ወይ ዳታቤዙ እንዳይጠብቅ ተደርጓል፣ ወይ ሲስተሙ ሳያወርድ መልሷል፣ ወይ ደግሞ ዲስኩ በጉያው ባለችው ትንሽ ሚሞሪ ይዞ «ጽፌያለሁ» ብሏል። በማክ ላይ ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ የአፕል መመሪያ ራሱ እንደሚለው ተራው ኤፍሲንክ ዳታውን እስከ ዲስኩ ያደርሳል እንጂ ዲስኩ በእርግጥ መጻፉን አያረጋግጥም፣ ለማረጋገጫ ሌላ፣ ዘገም ያለ ትእዛዝ አለው። በላፕቶፕ ተለክቶ «ከሰርቨሩ በለጠ» የሚባለው ፍጥነት አንዳንዴ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ሊኑክስም ቢሆን ከዚህ ንጹህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አዘጋጆች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ገጠማቸው። ዲስኩ መጻፍ ሲያቅተው ኤፍሲንክ ስህተቱን ይናገራል፤ ዳታቤዙ ቆየት ብሎ ደግሞ ሲሞክር ግን «ተሳክቷል» ይባላል። ሊኑክስ ያልተጻፈውን ገጽ «ንጹህ» የሚል ምልክት አድርጎበት ስለነበር ሁለተኛው ሙከራ የሚጽፈው ነገር አልነበረውም። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንጻሩ ገጹን እንዳልተጻፈ ይዞት ይቆያል። ፖስትግሬስ 20 ዓመት ያህል የሠራው ሁሉም እንደ ፍሪቢኤስዲ ነው በሚል እምነት ነበር። ከ2019 ጀምሮ ግን እንዲህ ያለ ስህተት ሲሰማ ደግሞ አይሞክርም፤ ራሱን አቁሞ ከመዝገብ ፋይሉ እንደገና ይነሳል። በዚያው በ2018 ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ ላይብረሪ የፊደል አደራደር ሕጉን በስሪት 2.28 ሲቀይር ሌላ ጣጣ መጣ። የዳታቤዝ ኢንዴክስ በተራ የተደረደረ መዝገበ ቃላት ማለት ነው። በሀለሐመ ተራ የታተመውን መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ የሚፈልግ አንባቢ ቃሉ እያለ «የለም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተማቸውን ያሻሻሉ ብዙዎች ኢንዴክሳቸውን እንደገና ባለመሥራታቸው የደረሰባቸው ይህ ነው፤ ያለ ስም ጠፍቶ፣ መደገም የሌለበት መለያ ተደግሞ ተገኘ። ዳታቤዙን ግን ማንም አልነካውም ነበር።

ታዲያ ልዩነት የለም ማለት ነው? አለ፣ ግን ከትውልድ የሚመጣ ልዩነት ነው። ፖስትግሬስ በዩኒክስ ቤት ያደገ በመሆኑ ለሚገናኘው ደንበኛ ሁሉ አንድ ፕሮሰስ ይመድባል፤ ሊኑክስ ይህን የሚያደርገው ያለውን ፕሮሰስ በማባዛት ስለሆነ ቀላል ነው። ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ማባዣ ስለሌለው እያንዳንዱን ከባዶ ያስነሳል። ፖስትግሬስ በዊንዶውስ ላይ በቀጥታ መሥራት የጀመረውም በ2005 በወጣው ስሪት 8.0 ነው። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ በ2017 ሊኑክስ ላይ ሲመጣ የሚያስፈልገውን የዊንዶውስ ክፍል እንደ ስንቅ ተሸክሞ ነው የመጣው። እኔ ብመርጥ ፖስትግሬስን ሊኑክስ ላይ እተክላለሁ። ሠራተኞቹ ዊንዶውስን ብቻ በሚያውቁበት መሥሪያ ቤት ግን ይህን ምክር አልሰጥም፤ የማያውቁትን ሲስተም መዝገብ ማን ያነብላቸዋል?

በደህንነት በኩል «ሊኑክስ አይደፈርም» የሚሉት ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ስላመርን ነው። በጥር 2003 የተለቀቀው ይህ ትል 376 ባይት ብቻ ነበር፤ በአስር ደቂቃ ውስጥ መጠቃት ከሚችሉት ሰርቨሮች 90 በመቶውን፣ በጠቅላላው ወደ 75,000 ኮምፒውተር ያዘ። ነገር ግን ቀዳዳው የነበረው በዊንዶውስ ውስጥ ሳይሆን በኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ ነው፤ መድፈኛውም ከስድስት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። በጥር 2017 ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተጠርገው ባለቤቶቻቸው ቢትኮይን እንዲከፍሉ ተጠየቁ። እዚያ ግን ቀዳዳ የሚባል ነገር እንኳ አልነበረም፤ በሩ ለኢንተርኔት ተከፍቶ፣ የይለፍ ቃልም ሳይኖረው ቀርቶ ነው። የትኛውም ሲስተም ቢሆን ተፈቅዶለት የገባን ሰው አያባርርም። ፖስትግሬስ በሊኑክስ ሥር በሩት፣ ማለትም በሁሉ አዛዥ ተጠቃሚ፣ ሥልጣን ተነሳ ቢባል እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰባሪ ቢገባ እንኳ ከዳታቤዙ ወደ ሌላው ሲስተም እንዳይሻገር።

ጥበቃ በነጻ እንደማይገኝም በ2018 መጀመሪያ ታይቷል። ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ድክመት ሲታወቅ ሊኑክስም ዊንዶውስም ማክም የከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ሚሞሪ ከፕሮግራሞች ለዩት፤ ወደ ከርነል የሚደረግ ጉዞ ሁሉ ተወደደ። በፖስትግሬስ ላይ በጣም ትንሽ በሆነ ጥያቄ በተደረገ ልኬት ፍጥነቱ ከ17 እስከ 23 በመቶ ወረደ። ከዚያ በፊት የወጣ የፍጥነት ሰንጠረዥ ይዞ የሚከራከር ካለ፣ የያዘው የድሮ ዋጋ ዝርዝር ነው።

ከሰንጠረዥ ይልቅ እኔ የማምነው ፈተና ርካሽ ነው። ሰርቨሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሌላ ኮምፒውተር ዝውውር በተራ ቁጥር ያለማቋረጥ ይላክለት፣ «ተፈጽሟል» የተባለውንም እየመዘገበ ይቀመጥ፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከግድግዳ ይነቀል። የመጨረሻው የተመዘገበ ቁጥር 41,207 ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ 41,207 ሊገኝበት ይገባል። 41,208 ቢገኝበትም ደግ ነው፤ ተጽፎ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። 41,206 ከሆነ ግን ሰርቨሩን ሥራ ከማስጀመር በፊት ማን እንደዋሸ ይፈለግ።