ወደ አየር ትራፊክ ቁጥጥር ሥራ የሚገባ ወጣት ስለ ደመወዝ፥ ስለ ስፍራና ስለ ትምህርት ምን ይጠይቅ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚበረው አይሮፕላን የዓባይን በረሓ ከተሻገረ በኋላ በምሥራቅ ጎጃም ሰማይ ያልፋል። በብቸናና በሞጣ አገር ያለው ገበሬ በሬውን አቁሞ ቀና ቢል የሚያየው አይሮፕላኑን ብቻ ነው፤ በሩቅ ተቀምጦ «በዚህ ከፍታ ሂድ፥ ሳላዝህ አትውረድ» እያለ በሬዲዮ የሚያዘውን ሰው ግን አያየውም። ከሮብ ገበያ የመጣ አንድ ወጣት ወደዚህ ወደማይታይ ሥራ ሊገባ አስቦ ምክር ጠየቀኝ። «ጋሼ፥ ደመወዙ ከመምህርነት ይበልጣልን? የሚመድቡኝስ ወዴት ነው? ትምህርቱስ ከተቀጠርሁ በኋላ ይቀጥላልን?» አለኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ፥ የመለስሁለትን ለአንባቢዎችም ማካፈል ተገቢ መሰለኝ።

በመጀመሪያ የነገርሁት አሠሪው ማን እንደ ሆነ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የበረራ ሕግ በተመከረበት በ1937 ዓ.ም. የቺካጎ ጉባኤ ተካፋይ ነበረች፤ አየር መንገዷም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በ2009 ዓ.ም. የአይሮፕላን ማረፊያዎች በአየር መንገዱ ሥር ሲጠቃለሉ፥ ተቆጣጣሪዎቹ ግን በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥር ቀሩ። ስለዚህ የአብራሪን ደመወዝ በልቡ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ሒሳቡን ገና ከበሩ ያርመው፤ የሚቀጠረው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነውና።

ስለ ደመወዝ መጠየቅ ነውር አይደለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአገራችን ተቆጣጣሪዎች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ሥራ አቁመው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የታሰሩ ነበሩ። በአሜሪካም በ1973 ዓ.ም. ሐምሌ እንዲሁ ሥራ ያቆሙ ከ11,000 የሚበልጡ ተቆጣጣሪዎች በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተሰናብተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የብዙ መቶ ሰው ነፍስ በቃሉ የተንጠለጠለ ሠራተኛ በሌሊት ተረኝነቱ ላይ የቤት ኪራይ ሊያስብ አይገባውም። ነገር ግን ወጣቱ ደመወዝን ከሁሉ አስቀድሞ መመዘኑን አልወደድሁለትም። ምክንያቱም የኋለኛው ደመወዝ የሚወለደው ከሚመደብበት ስፍራና በዚያ ከሚያገኘው ትምህርት ነው።

ይህም ምን ማለት እንደ ሆነ ልግለጥ። የተቆጣጣሪ የሙያ ፈቃድ እንደ መምህር ዲፕሎማ የትም ይዘውት የሚሄዱት አይደለም። በፈቃዱ ላይ የሚጻፍ የሥራ ዓይነት አለ፤ አንዱ በማማው ላይ ሆኖ የሚነሡትንና የሚያርፉትን ማዘዝ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ማረፊያው የሚቀርቡትን መቀበል፥ ሦስተኛው በሩቅ መንገድ ያሉትን መለየት ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ በራዳር የሚሠራና ያለ ራዳር የሚሠራ ተብለው ይከፈላሉ። ያለ ራዳር የሚሠራው ሰው አብራሪው ያለበትን ስፍራ በቃል ሲነግረው እየሰማ፥ አንዱን አይሮፕላን ከሌላው በጊዜ ወይም ቢያንስ በ1,000 ጫማ ከፍታ ይለያል። እያንዳንዱም ለየብቻው ይማሩታል፥ ይፈተኑበታል። ተማሪው በዓለም አቀፉ ደንብ ቢያንስ 21 ዓመት ሊሞላውና በአሠልጣኝ ዓይን ሥር ሦስት ወር በእውነተኛ ትራፊክ ላይ ሊሠራ ይገባዋል። ሥራውን ለብዙ ወራት ያቋረጠ ደግሞ የተጻፈለት ዓይነት ይረግፍበታል።

እንግዲህ ባሕር ዳር ቢመደብ ለአባትና ለእናቱ ይቀርባል፤ ሰው ቢታመም ወይም ልቅሶ ቢሆን ቶሎ ይደርሳል፤ ደመወዙም ለኪራይ ከሚገፈግፈው ከአዲስ አበባ ይልቅ ይበረክትለታል። (እርሱም በዚህ ላይ ፈገግ አለ፤ የእናቱ ልብ ወዴት እንዳለ አውቋልና።) ይሁን እንጂ በቀን ጥቂት በረራ ብቻ በሚስተናገድበት ማማ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው እጁ ይቀዘቅዛል። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፥ አየሩ የሳሳ፥ ዙሪያው ተራራ የሆነ፥ በሌሊት ሳይቀር አይሮፕላን የሚጨናነቅበት ስፍራ ነው። በዚያ ሁለት ዓመት የደከመ ወጣት በሌላ ስፍራ በአምስት ዓመት የማያገኘውን ይማራል ብዬ አምናለሁ። በቢሾፍቱ አጠገብ ሊሠራ የታሰበው ታላቅ ማረፊያም ሰው ሲፈልግ የሚጠራው እንዲህ ያለውን ነው። የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮችም ከልዩ ልዩ አገር ተቆጣጣሪዎችን የሚቀጥሩት ልምዳቸውን መርምረው ነው።

ስለ እንግሊዝኛም ነገርሁት። ከስድስቱ ደረጃዎች አራተኛውን ያላገኘ ሰው ለዓለም አቀፍ በረራ ሊናገር አይችልም፤ በአራተኛው ላይ የቀረ በየሦስት ዓመቱ፥ አምስተኛውን ያገኘ በየስድስት ዓመቱ እንደ ገና ይፈተናል። የዓይንና የጆሮ ምርመራም አለ፤ ይህን አስቀድሞ መመርመር ከብዙ ወጪ ያድናል።

ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ታዲያ ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቃቸው?» አለኝ። ለሥልጠናው የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ፥ ስለዚያውም ስንት ዓመት ለማገልገል ግዴታ እንደሚገባ፥ ቢወጣ የሚመልሰው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቅ አልሁት። ከዚያም በትንሽ ማማ ቢመደብ ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ራዳር ሥልጠና እንደሚዛወር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቅ። ሁሉንም በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተና፥ ለአባቱ ሊያነብለት ለሮብ ገበያው ቀን እንዲደርስ በማለዳ ተነሥቶ ሄደ።