የሚዲ ፋይልን ወደ ድምፅ ቅጂ መለወጥ፦ ነፃ ሶፍትዌርና የቅኝት ጥያቄ

መግቢያ

ዜማን በኖታ ጽፎ በኮምፒዩተር ማሰማት በሙዚቃ ጥናት የተለመደ አሠራር ሆኗል። ለምሳሌ ከወረታ እስከ አንበሳሜ ባለው የደቡብ ጎንደር አካባቢ የአዝማሪ ዜማ የሚሰበስብ አጥኚ፣ በመስክ የቀረጸውን በኖታ ጽፎ በሚዲ ፋይል ካስቀመጠ በኋላ፣ ማንም በስልኩ ሊያዳምጠው ወደሚችል የድምፅ ቅጂ መለወጥ ያስፈልገዋል። ሥራው በነፃ ሶፍትዌር በአጭር ጊዜ ይጠናቀቃል። ሆኖም በለውጡ ሂደት ከተጫዋቹ ያልመጣ ብዙ ነገር ወደ ቅጂው ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሂደቱን ማስረዳትና የአገራችን ቅኝቶች ሳይዛቡ የሚለወጡበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ሚዲ ምን ይይዛል?

እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ የትእዛዝ ዝርዝር እንጂ ድምፅ አይደለም። የትኛው ቁልፍ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ፣ መቼም እንደተለቀቀ በቁጥር ይመዘግባል። ቁልፎቹ ከ0 እስከ 127 የተቆጠሩ ሲሆን፣ ቁጥር 69 በተለምዶ 440 ሄርዝ ነው። በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት አንድ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም 100 ሴንት ነው። ፋይሉ ትእዛዝ ብቻ ስለሚይዝ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር ኪሎባይት አይበልጥም። በአንጻሩ በሴኮንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢትና በስቴሪዮ የተዘጋጀ ያልታመቀ የዌቭ ፋይል ለአንድ ደቂቃ ብቻ 10.6 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል።

የለውጡ ሂደት

ትእዛዙን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሲንተሳይዘር ነው። ከነፃ ሶፍትዌሮች መካከል ፍሉይድሲንዝና ቲሚዲቲ ለዚህ አገልግሎት በሰፊው ይታወቃሉ። ፍሉይድሲንዝ ሁለት ግብዓቶችን ይፈልጋል፤ እነርሱም የሚዲው ፋይልና ሳውንድፎንት የሚባለው የመሣሪያ ድምፅ ናሙናዎች ስብስብ ናቸው። ተጠቃሚው የውጤቱን ፋይል ስምና የናሙና ፍጥነት በትእዛዝ መስመር ሲሰጠው፣ ሶፍትዌሩ ዜማው ተጫውቶ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ቀጥታ ወደ ፋይል ይጽፋል። ማስተጋባትና ኮረስ የተባሉት የድምፅ ማሳመሪያዎች በፍሉይድሲንዝ ከመነሻው ክፍት ስለሆኑ፣ ቅጂው ለልኬት የሚውል ከሆነ መዘጋት አለባቸው። ዋናው ቅጂ መረጃ ሳያጎድል በሚያምቀው በፍላክ ቢቀመጥ፣ በቀስታ ኢንተርኔት ለመላክ ደግሞ በሌም አማካይነት ወደ ኤምፒ3 ቢለወጥ ይመረጣል። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የተዘጋጀ ኤምፒ3 በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ብቻ ይይዛል።

ቅኝትና መሣሪያ

ችግሩ የሚጀምረው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የመሣሪያ ምርጫ ነው። ጄኔራል ሚዲ የተባለው መለኪያ በ128 የመሣሪያ ቁጥሮቹ ውስጥ ሲታርን፣ ኮቶንና ካሊምባን ቢያካትትም መሰንቆ፣ ክራርና በገና የሉበትም። በመሰንቆ ፋንታ ፊድል የመረጠ አጥኚ፣ የፈረስ ጭራ ክርና ቆዳ የለበሰ ገበታ የሚሰጡትን ድምፅ በሌላ መሣሪያ ድምፅ ይተካል።

ሁለተኛው ቅኝት ነው። አንቺሆዬ በኖታ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ዶ፣ በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ በግማሽ ድምፅ የወረደ ሶልና ላ ተብሎ ይቀመጣል። መሰንቆ ግን በአንገቱ ላይ የድምፅ መከፋፈያ ስለሌለው፣ የተጫዋቹ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በ100 ሴንት ደረጃዎች አይወሰንም። ሚዲው ያለ ማስተካከያ ሲለወጥ እያንዳንዱ ድምፅ በአቅራቢያው ወዳለው የፒያኖ ቁልፍ ይሳባል፤ አድማጩም የሚሰማው ዜማውን በፒያኖ ቅኝት ይሆናል።

መፍትሔዎች

የመጀመሪያው መፍትሔ ፒችቤንድ የተባለው ትእዛዝ ነው። ከ0 እስከ 16,383 ባሉት እሴቶቹ ውስጥ 8,192 መካከለኛው ሲሆን፣ በተለመደው አቀማመጥ ድምፁን እስከ 200 ሴንት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ሴንት 41 ደረጃ ያህል ነው። ለምሳሌ አንድን ድምፅ በ30 ሴንት ለማውረድ እሴቱ 6,963 ይሆናል። ትእዛዙ በአንድ ቻናል ላይ የሚሰሙትን ድምፆች ሁሉ በአንድነት ያንቀሳቅሳል። መሰንቆ ባለ አንድ ክር በመሆኑ አንድ ቻናል ይበቃዋል። የክራርና የበገና ክሮች ግን አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ስለሚመታ፣ ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ቻናል መስጠት ያስፈልጋል። ሚዲ 16 ቻናሎች አሉት፤ ለከበሮ የተለየው 10ኛው ሲቀነስ የሚቀሩት 15ቱ ለበገና 10 ክሮችም ይበቃሉ።

ሁለተኛው መፍትሔ ሳውንድፎንቱን በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ነው። የመሰንቆ ድምፆች አንድ በአንድ በኦዳሲቲ ተቀርጸው፣ ፖሊፎን በተባለው ነፃ ሶፍትዌር በየቁልፋቸው ሊደለደሉና የእያንዳንዳቸው ከፍታ በሴንት ሊስተካከል ይችላል። ይህ የመሣሪያውን ድምፅና ቅኝቱን በአንድነት ይጠብቃል። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት የተጫዋቹን ፈቃድ ማግኘትና ለምን እንደሚውል ማስረዳት ግን የአጥኚው ግዴታ ነው። ያም ሆኖ የጣት መንሸራተት፣ የቀስት ጫናና የዜማ ማስዋቢያ በናሙና ብቻ ስለማይገኙ፣ በትእዛዝ መልክ ካልተጻፉ ከቅጂው ይጎድላሉ።

ማጠቃለያ

ከሚዲ የተገኘ የድምፅ ቅጂ አጥኚው ዜማውን እንዴት እንደተረዳው ያሰማል፤ ተጫዋቹ የተጫወተውን ግን አይተካም። በመሆኑም የመስክ ቅጂው ሳይነካ መቀመጥና ከሚዲው ጋር አብሮ መያዝ ይኖርበታል። ከእያንዳንዱ የተለወጠ ቅጂ ጋር የሶፍትዌሩ ስምና እትም፣ የሳውንድፎንቱ ምንጭ፣ በሴንት የተገለጸው ቅኝትና የናሙናው ፍጥነት ሊመዘገቡ ይገባል። ይህ መረጃ ከጎደለ፣ ወደፊት ቅጂውን የሚሰማ ተመራማሪ የፒያኖውን ልክ የአዝማሪው ልክ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።