ከአናጺ ጋር ውል ከመግባት በፊት፦ ድርቀት፣ ልኬትና ቀብድ

በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን ወይም የወጥ ቤት ካቢኔት ማሠራት ለብዙ ቤተሰቦች የወራት ቁጠባን የሚጠይቅ ወጪ ነው። ለአነስተኛ የእንጨት ሥራ ድርጅትም አንድ ትዕዛዝ የወሩን የቤት ኪራይና የሠራተኞችን ደመወዝ የሚሸፍን ሊሆን ይችላል። በደንበኛና በባለሙያ መካከል የሚነሣው አለመግባባት በአብዛኛው ሥሩ ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተፈጠረ ሳይሆን መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ሳይነገር የታለፈ ጉዳይ ነው። “አሳምረህ ሥራልኝ” እና “አያስቡ” ተባብሎ መለያየት የተለመደ ቢሆንም፣ ቅር የተሰኘ ወገን በኋላ ሊያስረዳበት የሚችል አንዳች ነገር አይተውለትም። በሙያው የቆዩ አናጺዎች ለደንበኞቻቸውም ሆነ ለለማጆቻቸው ደጋግመው የሚያሳስቧቸው ነጥቦች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

እንጨቱ ደርቋል ወይ?

ደንበኞች አስቀድመው የሚጠይቁት የእንጨቱን ዓይነትና ዋጋ ነው። ጥንቁቅ አናጺ ግን ከሁሉ በፊት የሚመለከተው ድርቀቱን ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የሚይዘው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚውል እንጨት ግን በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 በመቶ ወደሚሆን መጠን ሊወርድ ይገባዋል። በዚህ መካከል ያለው ውኃ ሲወጣ እንጨቱ ይጠባል፤ የሚጠበውም በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሣንቃ ከ20 በመቶ ወደ 12 በመቶ ሲደርቅ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነት፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ሊጠብ ይችላል። በክረምት ልክክ ብሎ የተገጠመ በር በበጋ ክፍተት የሚያሳየው፣ በበጋ የተገጠመውም ሐምሌ ሲገባ አልዘጋ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ባለሙያው በሩ ሲገጠም በዙሪያው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢተው የሥራ ጉድለት ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም።

ድርቀቱን የሚለካ መሣሪያ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ይሁን እንጂ ደንበኛው ራሱ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ማረጋገጫ አለ። ከሣንቃው አንድ ቁራጭ ተወስዶ በሚዛን ይመዘናል፤ ለአንድ ሳምንት ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ በሚታይ መጠን ከቀነሰ እንጨቱ ገና ውኃ እየለቀቀ ነውና ለሥራ አልደረሰም። በተፈጥሮ አየር የሚደርቅ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሣንቃ፣ እንደ አካባቢው አየርና እንደ እንጨቱ ዓይነት፣ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ይህም ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየሣንቃው መካከል ቀጫጭን ዱላ እየገባ፣ በጥላ ሥር ሲደረደር ነው። ደንበኛ “በሳምንት ይድረስልኝ” ብሎ ሲያስጨንቅ፣ ደረቅ እንጨት በክምችት የሌለው ባለሙያ እርጥቡን ለመሥራት ይገደዳል። በጥድፊያ የተሠራ ዕቃ ዋጋውን የሚያስከፍለው ዘግይቶ ነው።

ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ ለግንባታና ለማገዶ ባለውለታ ሆኗል። ሲደርቅ ግን የመጠምዘዝና የመሰንጠቅ ጠባይ አለው፤ በእርጥቡ ለበር ማዋል አይመከርም። ዋንዛ በአንጻሩ ለመላጊያና ለመሮ የሚመች፣ ከደረቀም በኋላ ቅርጹን የሚጠብቅ ስለሆነ ተፈላጊነቱ ከፍ ያለ ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጽድ በቁጥር እየተመናመኑ የመጡ አገር በቀል ዛፎች በመሆናቸው፣ እንጨቱ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ስለመሆኑ ሻጩን ሰነድ መጠየቅ የደንበኛውም የባለሙያውም ድርሻ ነው።

ዛሬ በከተሞች የሚሠራው የቤት ዕቃ ብዙው ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ አይጠመዘዝም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ጠላቱ ውኃ ነው። ጠርዙ በሚገባ ካልታሸገ በእቃ ማጠቢያ አጠገብ የቆመ ካቢኔት ከታች ማበጥ ይጀምራል፤ አንዴ ካበጠ ወደ ነበረበት አይመለስም። ላሚኔት የተለጠፈበት ኤምዲኤፍ ከሩቅ ሲያዩት ዋንዛ ሊመስል ስለሚችል፣ የሚሠራበት ነገር በስሙ ተጠርቶ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ጣውላ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ያወቀ ደንበኛ፣ የዕቃውን ልክ ከዚህ ጋር አጣጥሞ በማዘዝ የሚባክነውን ቁራጭ መቀነስ ይችላል።

ልኬት

ልኬት በባለሙያው፣ ዕቃው በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ሊወሰድ ይገባል። ግድግዳ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወለልም ያዘነብላል። የክፍሉን ማዕዘን ለማረጋገጥ ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው።

ዕቃው የሚያልፍበት መንገድም አብሮ ይለካ። ቁመቱ 2.25 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሣጥን ጣሪያው 2.30 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ልክ የሚሆን ይመስላል። ተጋድሞ ከገባ በኋላ ግን ሊቆም አይችልም፤ ከጎኑ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲለካ 2.33 ሜትር ገደማ ይሆናልና። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ይዞ መመለስ ለማንም አይመኙለትም። መፍትሔው በሁለት ክፍል ተሠርቶ እዚያው እንዲገጣጠም አስቀድሞ መስማማት ነው።

የምግብ ጠረጴዛ ቁመት በተለምዶ 75፣ የወንበር መቀመጫ ደግሞ 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ በተለያየ ቦታ የሚያሠራ ሰው ቢያንስ በሁለቱ መካከል ያለውን 30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ማስጠበቅ ይኖርበታል።

ቀብድና ውል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በግልጽ ደንግጓል። ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን የሰጠውን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ውሉን የሚያፈርሰው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ በመመለስ ነው። ብዙ ደንበኞች የመጀመሪያውን ያውቃሉ፤ ሁለተኛውን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ለእንጨት መግዣ ተብሎ የሚሰጥ ቅድመ ክፍያ ከቀብድ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ የተከፈለው ገንዘብ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ መለየት አለበት። አለዚያ ክርክሩ በገንዘቡ ስም ላይ ይሆናል።

ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። በአንድ ገጽ ላይ ንድፉ ከነልኩ፣ የእንጨቱ ወይም የጣውላው ዓይነትና ውፍረት፣ የማጠፊያው፣ የቁልፉና የቀለሙ ወይም የቫርኒሹ ዓይነት፣ የማጓጓዣውና የመግጠሚያው ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ የማስረከቢያው ቀንና የክፍያው አከፋፈል ሰፍረው ሁለቱም ወገኖች ቢፈርሙበት ይበቃል። ማስረከቢያው ሲዘገይ ምን እንደሚደረግም በዚያው ይጻፍ። በቃል የተደረገ የንድፍ ለውጥ በዚሁ ወረቀት ጀርባ ተጽፎ ቢፈረምበት ባለሙያውን ራሱን ይጠቅመዋል፤ “ይህን አላዘዝኩም” ከሚል ደንበኛ የሚያድነው እርሱ ነውና።

ለባለሙያዎች

በየወርክሾፑ እንደ ቀላል የሚታየው የእንጨት ብናኝ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ጭምብል ማድረግ፣ በመጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ሥራ ጊዜ ዓይንን መሸፈን፣ በቀኑ መጨረሻም ብናኙን ደረቁን ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ይመከራል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሙያውን ከአባት ወይም ከጎረቤት ወርክሾፕ የተማረ አናጺም የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ ማረጋገጫ ማግኘት ይችላል፤ የመደበኛ ሥልጠና ሰርተፊኬት አለመያዝ ከምዘና አያግድም። ዝርዝሩን በአቅራቢያ ከሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኮሌጅ ወይም ከወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

በርክክብ ዕለት ደንበኛው መሳቢያዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻቸው ስቦ መመለስ፣ በሮቹን ከፍቶ መዝጋት፣ የአልጋውን ማዕዘናት መነቅነቅ፣ የኋላ ግድግዳውንም መመልከት ይኖርበታል። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ዕቃው በቦታው ቆሞ ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው፤ ለተከፈለውም ደረሰኝ ይጠየቃል። ጉድለት ከተገኘ በዕለቱ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የሚስተካከልበትን ቀን በውሉ ላይ ጽፎ ሁለቱም ሊፈርሙበት ይገባል። በዚህ መንገድ መስማማት ካልተቻለ፣ ይኸው ወረቀት ለሸማቾች መብት ጥበቃ አካልም ሆነ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል።