የፖርቱ ቆጣሪ

«ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚወቀሰው ኢንተርኔት አቅራቢው ነው፤ ቀጥሎ ስዊቹ ይጠረጠራል። እያንዳንዱ የስዊችና የራውተር ፖርት ግን የገባውንና የወጣውን ፍሬም፣ የተበላሸውንና የተጣለውን ሁሉ ለየብቻ ይቆጥራል። በሲስኮ መሣሪያዎች «ሾው ኢንተርፌስስ» ብሎ ማዘዝ ይህን መዝገብ ለማየት ይበቃል።

ቆጠራው መሣሪያው ከተነሳበት ወይም ቆጣሪው ለመጨረሻ ጊዜ ከተሰረዘበት ሰዓት ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ 12,000 ስህተት አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ አምና ኬብል ሲነቀልና ሲሰካ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። እንደ መብራት ቆጣሪ ሁሉ ቁም ነገሩ ያለው በሁለት ንባቦች ልዩነት ላይ ነው። በየደቂቃው 50 የሚጨምር ከሆነ ግን ችግሩ አሁንም እየሠራ ነው።

ከስህተቶቹ በብዛት የሚታየው ሲአርሲ ነው። ላኪው የፍሬሙን ይዘት አስልቶ ውጤቱን በመጨረሻዎቹ 4 ባይቶች ላይ ያኖራል፤ ተቀባዩም ያንኑ ስሌት ይደግመዋል። ሁለቱ ካልገጠሙ ፍሬሙ ይጣላል፣ ቆጣሪውም አንድ ይጨምራል። ለላኪው የሚነግረው የለም። ኤተርኔት የጠፋውን ደግሞ አይልክም፤ ያ የቲሲፒ ሥራ ነው። ቲሲፒ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ነገር ሲያይ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጥቂት የተበላሹ ፍሬሞች መላ ቢሮውን የሚያንቀራፍፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሲአርሲ የሚመዘገበው በተቀባዩ በኩል ስለሆነ ቁጥሩን ያሳየው ፖርት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ላልቶ የተሰካ ጫፍ፣ አቧራ የነካው ፋይበር፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር አብሮ የተዘረጋ ኬብል ወይም ማዶ ያለው ካርድ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም አንዳንድ ስዊቾች ፍሬሙን ተቀብለው ሳይጨርሱ ማስተላለፍ ስለሚጀምሩ፣ አንድ ቦታ የተበላሸው ሌላ ስዊች ላይ ይቆጠራል።

ባለሙያን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው የዱፕሌክስ አለመግባባት ነው። ኤተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ፓርክ ሲወጠን ሁሉም በአንድ ኬብል ላይ ተራ እየጠበቀ እንዲልክ ታስቦ ነበር፤ ሃፍ ዱፕሌክስ የምንለው የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ዛሬ አንዱ ጫፍ በእጅ 100 ሜጋቢት ፉል ዱፕሌክስ ላይ ተቆልፎ ሌላው አውቶ ላይ ቢቀር፣ አውቶው ፍጥነቱን ከሲግናሉ ይለያል፤ ዱፕሌክሱን የሚነግረው ስለሌለ ግን ሃፍ ይይዛል። ከዚያ ፉሉ ባሻው ጊዜ ይልካል፤ ሃፉ እየላከ ሳለ ሲመጣበት ግጭት መስሎት ያቋርጣል። ሃፍ በሆነው በኩል «ሌት ኮሊዥን»፣ ማለትም ከመጀመሪያዎቹ 64 ባይቶች በኋላ የደረሰ ግጭት ይበዛል። ፉል በሆነው በኩል ደግሞ ሲአርሲና ራንት የሚባሉት ከ64 ባይት ያነሱ ቁርጥራጮች ይቆጠራሉ። የፖርቱ መብራት ይበራል፣ ፒንግም ይመልሳል፤ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ነው ጉዱ የሚወጣው። ኬብል ቢቀያየር መፍትሔ አይሆንም። ሁለቱንም ጫፍ አውቶ ላይ መመለስ የተሻለ ነው።

«አውትፑት ድሮፕ» ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም፤ የሚወጣው ከመስመሩ አቅም በልጦ ወረፋው ስለሞላ የተረፈው ተጥሏል። አማካይ ጭነቱ 20 በመቶ ሆኖ ሳለም ይደርሳል፤ የሲስኮ መሣሪያ ካልተቀየረ በቀር የሚያሳየው የ5 ደቂቃ አማካይ ስለሆነ ለግማሽ ሰከንድ የወረደ ውርጅብኝ በውስጡ ይሰወራል። አማካዩን ወደ 30 ሰከንድ ማውረድ ይቻላል።

ትራፊኩን ከሩቅ በኤስኤንኤምፒ የምትከታተሉም አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለ32 ቢት የባይት ቆጣሪ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ሙሉ አቅሙን በሚጠቀም የ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ለዚህ 34 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በየ5 ደቂቃው የምታነቡ ከሆነ ግራፋችሁ ውሸት ይናገራል፤ ባለ64 ቢቱን ቆጣሪ ተጠቀሙ።

አዲስ ስዊች እንዲገዛ ከመጠየቃችሁ በፊት የሁለቱንም ጫፍ ንባብ ከነሰዓቱ ጻፉ፤ ሥራ በሚበዛበት ሰዓትም ደግማችሁ አንብቡ።