የጎደለው 100

ትምህርት ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገልጽ የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች ከ600 ይያዝላቸዋል፤ ዓይነ ስውራኑ ግን ከ500። የጎደለው 100 የሒሳብ ነው። ነገሩ እንደ ርኅራኄ ሊታይ ይችላል። ይሁንና ከሒሳብ ነፃ የወጣ ተማሪ ከፊዚክስም፣ ከምህንድስናም፣ ከኮምፒውተር ሳይንስም አብሮ «ነፃ» ወጥቷል።

ሒሳብን ለዓይነ ስውር ያከበደው ምንድን ነው? በጣት የሚነበበው የብሬል ጽሕፈት አንድ ሴል ስድስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ከባዶው በቀር 63 ቅርጽ ይወጣዋል። ፊደሉም፣ ቁጥሩም፣ የሒሳብ ምልክቱም እነዚህኑ ይሻማሉ። ከዚህ የባሰው አቀማመጡ ነው። ዓይናማው የክፍልፋዩን ላዕል ከላይ፣ ታህቱን ከታች፣ አርቢውን ከፍ አድርጎ ይጽፋል። ጣት ግን በአንድ መስመር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ክፍልፋዩ የት እንደጀመረ፣ የት እንደተከፈለ፣ የት እንዳበቃ የሚናገሩ ምልክቶች የግድ ያስፈልጋሉ።

መሣሪያውም አያግዝም። በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና በመውጊያ (ስታይለስ) የሚጽፍ ተማሪ ወረቀቱን በጀርባው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ የጻፈውን ለመዳሰስ አውጥቶ መገልበጥ አለበት። ለደብዳቤ ይህ ምንም አይደለም። ረጅም ማካፈል እየሠሩ በየእርምጃው ማገላበጥ ግን ማንንም ያሰለቻል።

ለዚህ ችግር መላ ካበጁት አንዱ አብርሃም ኔሜት ነው፤ ራሱ ዓይነ ስውር የነበረ አሜሪካዊ። አማካሪዎቹ ሒሳብ ለዓይነ ስውር አይሆንም ስላሉት ሥነ ልቦና አጠና፤ በኋላ ወደ ሒሳቡ ተመልሶ በዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በስሙ የሚጠራው የሒሳብ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1952 ወጣ፤ በ1972 ተሻሻለ። በተለመደው ብሬል ቁጥሮች የላቲኖቹን ከኤ እስከ ጄ ቅርጾች ይዋሳሉ፤ ኔሜት አንድ ረድፍ ወደ ታች አወረዳቸው። ቁጥርና ፊደል ጎን ለጎን ሲመጡ ጣት አይምታታም።

አሁን ወደ አገራችን ተመልሰን ሰንበቴ እንግባ፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአማራ ክልል ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን። እዚህ ልጆች በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይማራሉ። አማርኛውን በፊደል ያነባሉ። ክፍል ከፍ ሲሉ ደግሞ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብሬል የሚማር ልጅ ነጥብ 1 እና 2ን በቁቤ «ቢ»፣ በአማርኛ «ብ»፣ ከቁጥር ምልክት በኋላ ደግሞ 2 ብሎ ያነባል። የአማርኛው ብሬል ተነባቢና አናባቢን ለያይቶ ስለሚጽፍ ከቁቤው ብዙም አይርቅም። እኩልታማ ቋንቋ አይመርጥም፤ አንድ የሒሳብ አጻጻፍ ለሦስቱም ይበቃል።

የትኛው የሒሳብ አጻጻፍ ይሁን የሚለው ክርክር ሌላም አገር አላለቀም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 የተዋሐደውን የእንግሊዝኛ ብሬል ስትቀበል ኔሜትን አልጣለችም፤ ለሒሳብ ሁለቱም ይሠራባቸዋል። ለሰንበቴው ልጅ ግን ከምርጫው ይልቅ ጊዜው ይበልጣል። 4ኛ ክፍል ላይ ላዕልና ታህትን በጣቱ ያልለየ ልጅ፣ 11ኛ ክፍል ደርሶ ተፈጥሮ ሳይንስ ልግባ ቢል የሚያስገባው መሠረት የለውም።