ፌስታል ለምን እንደ ሃይላንድ ሪሳይክል አይደረግም?

ፌስታልን የሚያግደው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በፓርላማ ከጸደቀ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል፦ «ከመከልከል ለምን ሪሳይክል አይደረግም? ሃይላንድ እየተሰበሰበ አይደል እንዴ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ዛሬ ዘርዘር አድርገን እንመልሳለን። ነገሩ ከፌስታል አልፎ ቆሻሻችንን እንዴት እንደምንጥልና በዚያ ቆሻሻ ውስጥ እየፈለጉ የሚያድሩ ሰዎች ምን እንደሚያገኙም ይነካልና።

መጀመሪያ አንድ ሙከራ እናድርግ። አጠገባችሁ ባዶ ሃይላንድ ካለ ክዳኑን ፍቱት። ከጠርሙሱ ደግሞ ጥፍር የምታክል ቁራጭ በመቀስ ቁረጡ። ሁለቱንም ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና በጣት ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ ልቀቋቸው። ክዳኑ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ቁራጯ ትሰምጣለች።

አንድ ዕቃ ብለን የያዝነው ነገር ሁለት የተለያየ ፕላስቲክ ነው ማለት ነው። ጠርሙሱ ፔት ይባላል። ክዳኑ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፌስታልም ፖሊኢትሊን ነው። ማዳበሪያ (ጆንያውን ማለታችን ነው) ከፖሊፕሮፒሊን፣ ብዙው የውሃ ቱቦ ከፒቪሲ ይሠራል። የቺፕስ ማሸጊያ ደግሞ ጭራሽ ፕላስቲክና ስስ አሉሚኒየም የተጣበቁበት ነው። «ፕላስቲክ» የቤተሰብ ስም ነው፤ ልጆቹ ግን እርስ በርስ አይስማሙም።

ዕቃው ስር በቀስቶች በተሠራ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የምታዩት ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር የሚናገረው ይህንኑ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪው ራሱ ያወጣው ምልክት ነው። ብዙ ሰው ግን «ይሄ ሪሳይክል ይደረጋል» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ኢንዱስትሪው በዚህ መሳሳት ብዙም የተከፋ አይመስለንም።

አለመስማማታቸው የሚታየው እሳት ላይ ነው። ለስላሳው የፌስታል ፕላስቲክ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ፔት ግን 250 ገደማ ይፈልጋል። አንድ ላይ ብታቀልጧቸው እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው፤ ሲቀዘቅዙ በተጋጠሙበት የሚሰነጠቅ፣ ለምንም የማይሆን ነገር ይወጣል። ፒቪሲ ከገባበትማ ይብሳል። ፔት በሚቀልጥበት ሙቀት ፒቪሲ ይፈርስና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱ ፔቱን ይቆራርጠዋል፣ ማሽኑንም ይበላል። በአንድ ቶን ፔት ውስጥ 100 ግራም ያህል ፒቪሲ ከተገኘ ጥራቱን ለማበላሸት በቂ ነው። ችግሩ ደግሞ ፒቪሲም እንደ ፔት ይሰምጣል። ብርጭቆው ላይ ያያችሁት ዘዴ እነዚህን ሁለቱን አይለያቸውም።

ስለዚህ አንድ በአንድ መለየት ግድ ነው። ሀብታም አገሮች ይህን በኢንፍራሬድ ጨረር በሚያዩ ማሽኖች ይሠራሉ። ማሽኖቹ ውድ ናቸው፤ ጥቁር ፕላስቲክንም በደንብ አያዩም፣ ጥቁሩ ቀለም ጨረሩን ይውጠዋል። እኛ ጋ ስንት ጥቁር ፌስታል እንዳለ አስቡት። ጥቁር የሆነበት አንዱ ምክንያት ራሱ መደባለቅ ነው፦ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ፌስታል አብሮ ቀልጦ ወደ ነጭ አይመለስም። ጥቁር ቀለም ሁሉን ይሸፍናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ፕላስቲክ የሚሸጠው በኪሎ ነው። አንድ የውሃ ጠርሙስ 20 ግራም ቢመዝን አንድ ኪሎ ለመሙላት 50 ጠርሙስ ይበቃል። ቀጭን ፌስታል ግን 5 ግራም እንኳ ቢሆን ለአንድ ኪሎ 200 ያስፈልጋል፤ ያውም አንድ በአንድ ከጭቃ የሚነሳ፣ ሽሮ የፈሰሰበት፣ የሽንኩርት ልጣጭ የተጣበቀበት። ሲታጠብ ደግሞ ከክብደቱ ግማሹ ቆሻሻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቆራሌው በሰፈራችሁ ሲያልፍ ጄሪካን፣ ሃይላንድና የተሰበረ ወንበር እንጂ «ፌስታል ያለው!» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውዬው ሂሳቡን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ማጠቡም በነጻ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቆሻሻ ፌስታል ለማጠብ ውሃ ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ታጥቦ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፕላስቲኩ ሲፈጭና ሲፋተግ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ሪሳይክል ፋብሪካ ላይ የተሠራ ጥናት ወደ ፋብሪካው ከገባው ፕላስቲክ 13 በመቶ የሚያህለው በእጥበት ውሃው ብናኝ ሆኖ ሊወጣ እንደሚችል ገምቷል። ማጣሪያ ከተገጠመ በኋላም 6 በመቶ። ያ ዘመናዊ ፋብሪካ ነበር። ማጣሪያ የሌለውና ውሃውን ወደ ወንዝ የሚለቅ ቢሆን የት እንደሚደርስ እናንተ ገምቱ።

ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የሚገኘው ምርት ገበያ ላይ ከአዲሱ ፕላስቲክ ጋር ይፎካከራል። አዲሱ የሚሠራው ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ እሱም ይረክሳል። ያኔ የተደባለቀ ፕላስቲክ ለቅሞ፣ አጥቦና አቅልጦ የሸጠው ሰው ይከስራል፤ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ የለቃሚው ኪሎ ዋጋ ነው።

ሀብታሞቹስ እንዴት ተወጡት? ለረጅም ጊዜ አልተወጡትም፤ የተደባለቀውን በመርከብ ጭነው ወደ ቻይና ይልኩት ነበር። ቻይና ከእ.ኤ.አ. 2018 መጀመሪያ ጀምሮ በሯን ስትዘጋ ጉዱ ወጣ። ጭነቱ ወደ ማሌዥያ፣ ቬትናምና ቱርክ ዞረ። በባዝል ስምምነት ላይ የተደረገው ማሻሻያ ከ2021 ጀምሮ ቆሻሻና የተደባለቀ ፕላስቲክ ያለተቀባዩ አገር ፈቃድ እንዳይላክ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ስሌት እንደሚለው እስከ 2015 ድረስ በዓለም ከተጣለው ፕላስቲክ ሪሳይክል የተደረገው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

«አቅልጦ ነዳጅ ማድረግስ?» የሚሉም አሉ። ፕላስቲኩን ያለ አየር አሙቆ ወደ ዘይት መቀየር ይቻላል። ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ2023 እንዳሰሉት ዘይቱን መልሶ ፕላስቲክ ለማድረግ ከታሰበ ወጪውም የአካባቢ ጉዳቱም አዲስ ከመሥራት ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይበልጣል። ማቃጠልም አለ። የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ፕላስቲክ በደንብ ይነዳል፣ እውነት ነው፤ ከነዳጅ የተሠራ ነውና። ግን መብራቷን በአብዛኛው ከውሃ ለምታገኝ አገር ፕላስቲክ ማንደድ ንጹሕ ኃይልን በጭስ መተካት ነው።

እኛ ቤት ያልተለየው ነገር በመጨረሻ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። ቆሼ ላይ ሴቶችና ወጣቶች ያለ ጓንት በመንጠቆ እየቆፈሩ ከምግብ ትራፊ፣ ከመርፌና ከስባሪ ጠርሙስ መሐል ሃይላንድ ይለቅማሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ገድሏል። «ተደባልቆ ይጣል፣ የሚለይ አለ» ስንል የምንቆጥበው ሁለት ደቂቃ ወደ እነሱ ነው የሚተላለፈው።

የሚሠራ ነገር የለም እያልን ግን አይደለም። የታሸገ ውሃ አምራቾች ሰማያዊውን ጠርሙስ ትተው ወደ ግልጹ ለመዞር መስማማታቸውን ታስታውሳላችሁ? ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ቀለም የሌለው ፔት ወደፈለጉት ስለሚቀየር የተሻለ ያወጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ዓይነት የሆነ ዕቃ መጨረሻው ላይም ገዢ አያጣም። ፌስታል ግን በመጠኑም በቆሻሻውም በዋጋውም ይህ ዕድል የለውም፤ እኛ ክልከላውን የምንደግፈው ለዚህ ነው። ተፈጻሚነቱ ላይ ያለን ጥያቄ ሌላ ጊዜ ይመለስ።

እስከዚያው ሃይላንዱንና ጄሪካኑን ከምግብ ትራፊ ለይታችሁ በደረቁ አስቀምጡ። ቆራሌው ወይም ሰፈራችሁን የሚያጸዱት ልጆች ሲመጡ ስጧቸው፤ ያልቆሸሸ ጠርሙስ ሳይጣል ይሸጣል። ክዳኑንስ? መልሳችሁ ክደኑት፣ ጥሩ ፋብሪካ ውስጥ ተፈጭቶ ውሃ ላይ ሲገባ ብርጭቆው ላይ እንዳያችሁት ራሱ ይለያል።